የቦርደርላይን የንግግር ሕክምና፦ ዲቢቲ በሌለበት ከተማ የቱን እንምረጥ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐዋሳ ነው። የ23 ዓመት ታናሽ እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ባይፖላር ተብላ ሶዲየም ቫልፕሮኤትና አሚትሪፕቲሊን ተጀመረላት። በቅርቡ ያያት ሌላ ሐኪም ግን ‹ይህ ቦርደርላይን የሚባል የሰብዕና ችግር ነው፤ ዋናው ሕክምናው የንግግር ሕክምና ነው› አለን። የምትቀርበው ሰው ትንሽ ከራቃት ዓለም ይጨልምባታል፤ ራሷን ትጎዳለች፤ ሁለት ጊዜ ክኒን ውጣ ሆስፒታል ገብታለች። እስካሁን ሦስት አማካሪ ቀይራለች። ኢንተርኔት ላይ ብቸኛው ሕክምና ዲቢቲ ነው ይላሉ፤ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ዲቢቲ የሚሰጥ ቦታ አላገኘንም። ስኪማ፣ ኤምቢቲ፣ ቲኤፍፒ የሚባሉም አሉ። አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ልናዛውራት አስበናል። እናታችን ጸበል ትሂድ ነው የምትለው። የቱ ይሻላል? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሰብዕና ከሆነስ ይድናል ወይ?»

ምላሽ፦ ዲቢቲ (ዳያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ፤ ስሜትን የመግራት ክህሎት የሚያስተምር የንግግር ሕክምና) ብቸኛው ሕክምና አይደለም፤ ከሁሉም በላይ የተጠናው ግን እሱ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች መምታታታቸው ነው ቤተሰባችሁን ወደ አዲስ አበባ እንዲያስብ ያደረገው። እህትዎን ለማዛወር ያላችሁ ምክንያት «ሐዋሳ ዲቢቲ የለም» የሚለው ብቻ ከሆነ አታዛውሯት። እኔን ከዘዴው ስም ይልቅ ያሳሰበኝ በአጭር ጊዜ ሦስት አማካሪ መቀየሯ ነው። ለዚህ ችግር ውጤት ያሳዩ ሕክምናዎች በሐሳብ ይለያዩ እንጂ አሠራራቸው ላይ ይገናኛሉ፦ ባለሙያው አይቀያየርም፣ ቀጠሮው አይዘለልም፣ ዕቅዱ በግልጽ የታወቀ ነው፣ ሕክምናው ለወራት ይቀጥላል። እህትዎ እስካሁን ያላገኘችው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ግን ምርመራው ይጥራ። ባይፖላርና ቦርደርላይን የሚምታቱት በሁለቱም ስሜት ስለሚዋዥቅ ነው። የሚለያቸው መዋዠቁ የሚቆይበት ጊዜና መነሻው ነው። በባይፖላር የማኒያው ወቅት ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቀለል ያለው ሃይፖማኒያ ደግሞ ቢያንስ አራት ቀን ይዘልቃል። በዚያ ጊዜ ሰውየው ጥቂት ሰዓት ተኝቶም ድካም አይሰማውም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ዕቅዱ ይበዛል፤ ይህ እንዲመጣም የግድ ሰው ማስቀየሙ ወይም ማስደሰቱ አያስፈልግም። በቦርደርላይን ግን ስሜቱ በሰዓታት ውስጥ ይገለባበጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚነሳው ከሰው ጋር ከተፈጠረ ነገር ነው፤ ካልተነሳ ስልክ፣ ከተሰረዘ ቀጠሮ፣ ከተለወጠ የድምፅ ቃና። የአሜሪካኖቹ የምርመራ መመሪያ ዲኤስኤም-5 ከዘጠኝ መለኪያዎች ቢያንስ አምስቱ እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ራስን መጉዳት ብቻውን ምርመራውን አያስወስንም። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። አዲሱን ሐኪም «የባይፖላሩ ምርመራ ቀርቷል ወይስ ይኼኛው ተጨመረበት?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መልሱም ካርዷ ላይ ይስፈር። ካልሰፈረ የሚቀጥለው ተረኛ ሐኪም የድሮውን አንብቦ የድሮውን መድኃኒት ይቀጥላል።

መድኃኒቱን እንየው። ለቦርደርላይን ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 መድኃኒት ለራሱ ለቦርደርላይን እንዳይታዘዝ መክሯል። ስሜት ያረጋጋል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ላሞትሪጂን በ276 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ጥቅም አላሳየም። መድኃኒት ቦታ የሚኖረው አብሮ ለሚመጣ ሕመም፣ ለምሳሌ ለከባድ ድብርት ነው። እህትዎ ባይፖላር እንደሌለባት ከተረጋገጠ ቫልፕሮኤቱ የሚቀጥልበት ምክንያት ይጠየቅ፤ በእርግዝና ጊዜ የፅንሱን የአንጎልና የኅብለ ሠረሰር አፈጣጠር ስለሚጎዳ ለ23 ዓመት ሴት ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በራሳችሁ ግን አታቁሙት፤ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፣ ቀስ በቀስ።

የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን የበለጠ ያሰጋኛል። ከመጠን በላይ ሲወሰድ የልብን ምት ያዛባል፣ ይገድላልም። ሁለት ጊዜ ክኒን የዋጠች ሰው ባለችበት ቤት የወር መጠን አይቀመጥም። ሐኪሙ በየሳምንቱ የሚወሰድ እንዲያዝላት ጠይቁ፤ የሚያስቀምጠውና የዕለቱን የሚሰጣት አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። የድብርት መድኃኒት የግድ ካስፈለጋትም ከመጠን በላይ ሲወሰድ አደጋው የሚያንሰው ፍሉኦክሴቲን ይተካው እንደሆነ ተነጋገሩበት። የአያት የደም ግፊት ክኒን፣ የአይጥ መርዝ፣ ፀረ ተባይና በረኪናም ቁልፍ ያለው ቦታ ይግቡ። ይህ እሷን አለማመን አይደለም፤ የመሞት ፍላጎት ብዙ ጊዜ በደቂቃና በሰዓት የሚያልፍ ማዕበል ስለሆነ በዚያች ሰዓት እጅ የሚደርስበት ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። «ለእንቅልፍ» ተብሎ የሚሰጥ ዲያዜፓምም ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ራስን የመግታት አቅምን ያላላል፣ ሱስም ያስይዛል፤ ባይጀመር እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ንግግር ሕክምናው። ዲቢቲን የቀመረችው አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ማርሻ ሊነሃን ናት፤ የመጀመሪያው ጥናቷ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ101 ሴቶች ላይ በወጣው ሌላ ጥናቷ፣ ዲቢቲ የወሰዱት ራስን የማጥፋት ሙከራ በሌሎች ልምድ ባላቸው ቴራፒስቶች ከታከሙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ሙሉው ዲቢቲ አራት እግር አለው፤ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ገደማ የግል ቴራፒ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የቡድን የክህሎት ትምህርት፣ በቀውስ ሰዓት በስልክ ምክር፣ እንዲሁም ቴራፒስቶቹ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ሳምንታዊ ስብሰባ። ክህሎቶቹ ልብ ማለት፣ ጭንቅን መቋቋም፣ ስሜትን መግራትና ከሰው ጋር መግባባት ናቸው። ትምህርቱ በ24 ሳምንት ያልቅና እንደገና ይደገማል፤ ሕክምናው አንድ ዓመት የሚሞላው በዚህ ነው።

የግል ቴራፒው ዋና መሣሪያ የሰንሰለት ትንተና ይባላል። ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይ። አንዲት ሴት ሐሙስ ማታ ራሷን ጎዳች እንበል። ቴራፒስቱ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ቀለበት በቀለበት ወደ ኋላ ይሄዳል። ረቡዕ ሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የተኛችው። ምሳ አልበላችም። 11 ሰዓት ላይ ለጓደኛዋ ደወለች፤ አላነሳም። ቴሌግራም ላይ ግን ኦንላይን እንደሆነ አየች። «ሰልችቼዋለሁ» የሚል ሐሳብ መጣ፤ ደረቷ ተጨነቀ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩን አጠፋው። «እኔን ማን ይፈልገኛል» የሚለው ሐሳብ ከኀፍረት ጋር መጣ። ራሷን ጎዳች፤ ወዲያው ቀለል አላት። ወሬው ደረሰው፤ በባጃጅ ከተፍ አለ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ድርጊቱን በሚቀጥለውም ጊዜ የሚያስደግሙት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ የመጣው እፎይታና የመጣው ሰው። ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ሰው ለማንቀሳቀስ አይደለም፤ አእምሮ ቀለል ያደረገውን ነገር ይማራል፣ ያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ የት ላይ ሊበጠስ ይችል እንደነበር አብረው ይፈልጋሉ። እንቅልፍና ምሳ አንድ ቦታ ነው። ሁለት ጊዜ ደውላ ካልተነሳ ስልኩን ለእህቷ መስጠት ሌላ ቦታ ነው። ደረቷ ሲጨነቅ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አድርጋ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ለ30 ሰከንድ ያህል መንከር ይቻላል፤ ሰውነት የልብ ምቱን በራሱ ዝቅ ያደርጋል፣ ማሰብ የሚቻልበት ጥቂት ደቂቃም ይገኛል። የልብ ሕመም ያለበት፣ ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ወይም ምግብ በመተው የተጎዳ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ይህን አያድርግ። የስልክ ምክሩም የሚሠራው ከድርጊቱ በፊት ነው። ራሷን ከጎዳች በኋላ ለ24 ሰዓት ከቴራፒስቱ ጋር የስልክ ምክር አይኖርም፤ ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ግን የሚደረገው ሁሉ ይደረጋል። ደንቡ ጭካኔ የሚመስላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ የወጣው ግን «ደውዪ፣ ግን ቀድመሽ» የሚለውን ለማስለመድ ነው።

ዲቢቲ የሚበላሸው ስሙ እያለ አሠራሩ ሲጠፋ ነው። የክህሎት ወረቀት አባዝቶ መስጠት ዲቢቲ አይደለም። «ዐይንሽን ጨፍነሽ በረጅሙ ተንፍሺ» ብሎ ማሰናበትም አይደለም። የዕለት መከታተያ ካርድ ካልተሞላ፣ ቀጠሮው የሚጀመረው ራስን በመጉዳት ጉዳይ ካልሆነና ቴራፒስቱ ብቻውን ከሆነ የቀረው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በ99 ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት የዲቢቲን ክፍሎች ለያይቶ ሲፈትሽ፣ ራስን መጉዳትን በመቀነስ ረገድ የክህሎት ትምህርት ያለባቸው ቡድኖች ከሌለበት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ይህ ሙሉ ዲቢቲ ለማይገኝበት ከተማ ትልቅ መልእክት ነው፤ ከዲቢቲ አንድ ክፍል ብቻ መውሰድ ካለባችሁ ክህሎቱን ውሰዱ።

ስለ ጂፒኤም አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ለእህትዎ ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ሙሉ ስሙ ጉድ ሳይካትሪክ ማኔጅመንት ነው፤ አባቱ አሜሪካዊው ሳይካትሪስት ጆን ጉንደርሰን ነው። ልዩ ጥበብ አይደለም፤ በጥንቃቄ የተደራጀ የአእምሮ ሐኪም ክትትል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳዋ ቶሮንቶ 180 ሰዎች በዕጣ ለዲቢቲና ለዚህ ዓይነቱ ክትትል ተመድበው ለአንድ ዓመት ታከሙ። ራስን የማጥፋት ሙከራ፣ ራስን መጉዳትና የሆስፒታል ምልልስ በሁለቱም ቀነሰ፤ አንዱ ከሌላው ብልጫ አላሳየም።

በጂፒኤም ባለሙያው ምርመራውን ለታማሚዋ ራሷ በስሙ ይነግራታል፤ ከየት እንደሚመጣ ያስረዳል። ከተፈጥሮ የመጣ ለስሜት ስስ የሆነ ሰውነትና ያንን ስሜት ያልተረዳ አካባቢ ተደምረው ያመጡት እንጂ የማንም ኃጢአት እንዳልሆነ ያስረዳል። በሳምንት አንዴ ያያታል። እያንዳንዱን ቀውስ ቅርብ ከሆነ ሰው ጋር ከተፈጠረ ነገር ጋር ያያይዛል፤ «ክኒኑን ከመዋጥሽ በፊት ማን ምን አለሽ?» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚያተኩረው ከቴራፒ ክፍሉ ውጭ ባለው ሕይወት ላይ ነው፤ ደንቡም ከፍቅር በፊት ሥራ ነው። በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ሱቅ መቆም፣ ያቋረጠችውን ኮርስ መቀጠል፣ ሰዓት አክብሮ መውጣትና መግባት እንደ ሕክምና ይቆጠራሉ። መድኃኒቱንም የሚያየው ያው ሰው ከሆነ ሁለት ባለሙያ እየተጻረረ ቤተሰብ መሐል ላይ አይቆምም። ለውጥም በዕቅድ ይጠበቃል። ጭንቀቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረገብ ሊል ይችላል፤ ራስን መጉዳት ግን ለመቀነስ ከሁለት እስከ ስድስት ወር፣ ግንኙነት ለመስተካከል ደግሞ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ሦስተኛው ወር ላይ ምንም ካልተለወጠ ሕክምናው ይከለሳል እንጂ ዝም ተብሎ አይቀጠልም።

ኤምቢቲ የእንግሊዞቹ የአንተኒ ቤትማንና የፒተር ፎናጊ ሥራ ነው። ዋና ሐሳቡ ስሜት ሲግል የራስንና የሌላውን ልብ የማንበብ ችሎታ ይጠፋል የሚል ነው፤ ቴራፒስቱ ትርጉም ከመስጠት ይልቅ «ቆይ፣ ዝም ሲልሽ ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር?» እያለ ያቺን ችሎታ ያስመልሳል። በየሳምንቱ የግልና የቡድን ቀጠሮ ኖሮት 18 ወር ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በ134 ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ከተደራጀ ክሊኒካዊ ክትትል ጋር ተነጻጽሮ በልጧል፤ የተወዳደረው ክትትልም ግን ብዙዎቹን በግልጽ አሻሽሏል። እኔ ከጥናቱ ይዤ የምሄደው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ስኪማ ቴራፒ ከልጅነት የተረፈውን ቁስል በቀጥታ ይነካል። ጄፍሪ ያንግ የጀመረው ሲሆን በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት በሳምንት ሁለቴ ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ ከቲኤፍፒ (ታካሚው ከቴራፒስቱ ጋር የሚፈጥረውን ግንኙነት እየመረመረ ከሚሠራ የንግግር ሕክምና) የተሻለ ውጤት አስገኝቷል፤ አቋርጠው የወጡትም ያነሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስት አገሮች በ495 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ የግልና የቡድን ስኪማ ተጣምረው ለሁለት ዓመት ሲሰጡ የተሻለ እንደሚሠሩ አሳየ። ራሱን መጉዳት ባቆመ ሰው ላይ በጣም የምወደው ሕክምና ነው። ገና ቤት ውስጥ ክኒን በሚቆለፍበት ወቅት፣ በቂ ሥልጠና በሌለው ሰው እጅ የልጅነት ቁስል መክፈት ግን አደገኛ ነው። ቲኤፍፒም በሳምንት ሁለቴ የሚሰጥ፣ ረጅም ሥልጠናና የቅርብ ክትትል የሚፈልግ ዘዴ ነው፤ ለእናንተ ሁኔታ አማራጭ ብዬ አላቀርበውም። ስቴፕስ የሚባለው የ20 ሳምንት የቡድን ትምህርት ቤተሰብንም ስለሚያካትት ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ብቻውን ግን እንዲቆም አልተሠራም።

«የቱ ይሻላል?» ለሚለው የጥናቶቹ ድምር ምን ይላል? ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 75 ጥናቶችንና ከ4,500 በላይ ሰዎችን አይቶ ለቦርደርላይን ተብለው የተቀመሩ ሕክምናዎች ከተለመደው ክትትል እንደሚሻሉ፣ በመካከላቸው ግን ጥርት ያለ አሸናፊ እንደሌለ ደምድሟል። ውስንነቱንም ልብ በሉ። የጥቅሙ መጠን መካከለኛ ነው፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሴቶች ናቸው፤ እኔ በየስማቸው የጠቀስኳቸው ጥናቶችም የተሠሩት በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ እንጂ በእኛ አገር አይደለም። የቡድን ክህሎት በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ሲሰጥ ምስጢር የመጠበቅ ጉዳይ እዚያ ከነበረው የበለጠ ይከብዳል። ቡድን ካልተመቻት ክህሎቱን ለብቻዋ መማር ትችላለች።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ሐዋሳ ውስጥ እህትዎን በየሳምንቱ ለማየት የሚስማማ አንድ ባለሙያ ፈልጉ፤ የአእምሮ ሐኪም፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ወይም በአእምሮ ጤና በማስተርስ የሠለጠነ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ የግል ክሊኒክ የሚሠሩ ባለሙያዎችንም እዚያ መጠቆም ይችላሉ። ሕክምናው በጂፒኤም አካሄድ ይደራጅ፤ ከቀጠሮው የመጨረሻዎቹ 15 ወይም 20 ደቂቃዎች ለአንድ የዲቢቲ ክህሎት ይመደቡ፤ ያ ክህሎት በሳምንቱ ቤት ይለማመድ። ባለሙያውን ከመጀመራችሁ በፊት በቀጥታ ጠይቁት፦ በየሳምንቱ ልታያት ትችላለህ? በቀውስ ሰዓት ማንን ታማክራለህ? ቀጠሮ ብትቀር ምን ታደርጋለህ? ሌሊት ቢከፋት የት እንሂድ? ለአራቱም ግልጽ መልስ ያለው ሰው፣ «ዲቢቲ እሰጣለሁ» ብሎ ለአንዱም መልስ ከሌለው ይበልጥብኛል። በወር አንዴ እያዩ «በርቺ» ማለት ግን ሕክምና አይደለም፤ ናይስም ለዚህ ችግር ተብሎ ከሦስት ወር ያነሰ የንግግር ሕክምና እንዳይሰጥ ይመክራል።

አዲስ አበባ ያለ ቴራፒስት በቪዲዮ ሊያያት ይችላል፤ ሐዋሳ ውስጥ በየሳምንቱ የሚያያት ሰው ከጠፋ ሁለተኛው ምርጫዬ ይህ ነው። ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አይጀመር። ቴራፒስቱ የቤታችሁን ትክክለኛ አድራሻና የሁለት ዘመድ ስልክ ይያዝ። ሐዋሳ ካለው ሐኪሟ ጋር በደብዳቤ ወይም በስልክ ይገናኝ። የምትነጋገርበት ክፍል በር የሚዘጋ ይሁን፤ ወንድም ሳሎን ተቀምጦ እየሰማ የልብ አይወራም። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ቀጠሮው በተራ ስልክ እንደሚቀጥል አስቀድመው ይስማሙ፤ በቦርደርላይን ውስጥ መሐል ላይ የተቋረጠ ጥሪ «ዘጋብኝ» ተብሎ ሊነበብ ይችላልና። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ ግን አያዋጣም፤ ድካሙና ወጪው ከሁለት ወር በኋላ ያስቆማል፤ እሷም አራተኛ ሰው የተዋት ይመስላታል።

ስለ ወጪ አስቀድማችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። የ48 ሳምንት ክፍያና ትራንስፖርት አቅማችሁ ካልፈቀደ በሳምንት አንዴ የሚለውን ወደ ወር አንዴ አትለውጡ፤ ጊዜውን አሳጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 በካናዳ በ240 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት የስድስት ወር ዲቢቲ ራስን መጉዳትን በመቀነስ ከአሥራ ሁለት ወሩ እንዳላነሰ አሳይቷል። ስድስት ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ እየተራራቀ መቀጠል ጨዋ ዕቅድ ነው።

«ሰብዕና ከሆነ ይድናል ወይ?» የሚለው ፍርሃት ከተጨባጩ ይብሳል። አሜሪካ በሚገኘው ማክሊን ሆስፒታል 290 ታማሚዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትለው ሲታዩ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ 93 በመቶው ቢያንስ ለሁለት ዓመት የዘለቀ የምልክት መጥፋት አሳይተዋል። በሥራና በግንኙነትም ጭምር ሙሉ የቆሙት ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። ራስን መጉዳት ይቆማል፤ የሚዘገየው ሕይወትን መልሶ መገንባቱ ነው። በየሳምንቱ ስለ ሥራና ትምህርት ካልተወራ ያ ግማሽ ይጎድላል የምለው ለዚህ ነው።

እናትዎ ጸበል ካሉ አትከራከሯቸው። እምነት ብቸኝነትን ያስታግሳል፤ የሚጎዳው አንዱን ለአንዱ ብሎ መተው ነው። ጸበል ስትሄድ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ አብሯት የሚያስታምም ሰው ይኑር፣ ማሰርና መምታት ባለበት ቦታ አትደር። ለቴራፒስቱም ቀድሞ ይነገረው፤ በዲቢቲ ደንብ አራት ተከታታይ ቀጠሮ የቀረ ሰው ከሕክምናው እንደወጣ ይቆጠራል። ረጅም ጾምና የሌሊት ትጋት ደግሞ ከላይ እንዳየነው ሰንሰለቱን የሚያስጀምሩት ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ስለሆኑ ከንስሐ አባቷ ጋር መጠኑን ተነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ማቅለል በቤተ ክርስቲያንም ያለ ነው።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንዲቆም እለምናችኋለሁ፤ «ትኩረት ፈልጋ ነው» ማለት። በማክሊኑ ክትትል በ24 ዓመት ውስጥ ወደ 6 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን አጥፍተዋል። ስትናደድ መጀመሪያ ስሜቷን ተቀበሉ፦ «ስልኩን ሲዘጋብሽ እንዴት እንደከፋሽ ይታየኛል።» ይህ በድርጊቷ መስማማት አይደለም። ቀጥሎ በግልጽ ጠይቁ፦ «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው? በእጅሽ ያለ ነገር አለ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባትም። ምክርና ተግሣጽ ለነገ ይቆይ። ደህና በሆነች ቀንም አብራችሁ ቡና ጠጡ፣ ሐይቁ ዳር ውጡ፤ ቤተሰብ የሚሰበሰበው ራሷን በጎዳች ቀን ብቻ ከሆነ ያ ራሱ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ይሆናል።

«ሆስፒታል ትተኛ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ መተኛት ጥቅም ያለው አደጋው ቅርብ በሆነባቸው ጥቂት ቀናት ነው። ለሳምንታት ሲረዝም ከሥራ፣ ከትምህርትና ከለመደችው ቴራፒስት ያርቃታል፤ ብዙ ጊዜም አያሻሽላትም። ክኒን መዋጧን ካወቃችሁ ግን አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። ለማስመለስ አታስገድዱ፤ የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ባገኛችሁት ተሽከርካሪ ወይም በ907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጠርታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የወሰደችው አሚትሪፕቲሊን ከሆነ «ደህና ነኝ» ብላ እየተራመደችም ቢሆን የልብ ምቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ድንገት ሊዛባ ስለሚችል፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) እንዲነሳላትና በክትትል እንድትቆይ ለተረኛው ሐኪም አስረግጣችሁ ንገሩ።